ከራውተሩ ኋላ የቆመው ፎይል

«ለቅሶ ቤት ኮምፒውተር ይከፈታል እንዴ?» አለች የሟች እህት አዳዳ ወርቅቱ፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማት።

ፍራሹ ላይ የተደረደሩት ሴቶች ወደ ኤቢሴ ዞሩ። ኤቢሴ ጥቁር ሻሿን እስከ ግንባሯ አውርዳ፣ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ስክሪኑ መሀል የሚሽከረከረውን ክብ ታያለች። አንድ ደብዳቤ ልክፈት ብላ ከጀመረች ሩብ ሰዓት አልፏታል።

ደብዳቤው የመጣው ቅዳሜ ነው። ያን ቀን ጠዋት አባቷ ኦቦ ሌንጂሳ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ናይሮቢ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪ በነጻ ሊያስተምራት ለቃለ መጠይቅ መርጧታል፤ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ በቪዲዮ። አምናም መርጧት ነበር። አምና በዚሁ ቤት፣ በዚሁ ላፕቶፕ፣ ፊቷ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀርቶ «ሄሎ? ይሰማል?» ስትል ሰዓቱ አለቀና «እናዝናለን» የሚል መልእክት ደረሳት። ሦስተኛ ጊዜ የሚጠራት የለም። ሐዘን ላይ ያለች ሴት ደግሞ ከቤት ወጥታ ካፌ ልትቀመጥ አትችልም፤ አዳዳ ወርቅቱ ብቻዋን ወሬውን ለአገሩ ታዳርሰዋለች።

ሰኞ ከሰዓት አብዱልከሪም ሊያጽናና መጣ። ኮሌጁ ውስጥ ከአባቷ ጋር ስምንት ዓመት አንድ ክፍል ኮምፒውተር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ከድንኳኑ ሲነሳ ጠብቃ ወደ ሳሎኑ ጥግ ጠራችው።

«አባዬን ያቃተውን አንተ እይልኝ» አለችው። «ስልኬ በደንብ ይሠራል፤ ላፕቶፑ ግን ከገዛሁት ጀምሮ ይንቀራፈፋል።»

«እሳቸውን ያቃተ ነገር ለእኔ ይገራልኛል ብለሽ ነው?» አለና ቁጭ አለ። ወዲያው ዐይኑ ከራውተሩ ኋላ ወደቆመው የአሉሚኒየም ፎይል ሄደ። «ይሄን እሳቸው ናቸው ያቆሙት?»

«አዎ።»

«ይገርማል። እንዲህ ያለ ነገር ምንም እንደማይፈይድ ለተማሪዎች ሲያስረዱ ሰምቻቸዋለሁ እኮ።»

ኤቢሴም ፎይሉን አየች። አምና ላፕቶፑ አልፈጥን ሲላት አባቷ ያልሞከረው አልነበረም። ራውተሩን ሦስት ጊዜ ቦታ ቀየረ። አልጋዋን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው አስጎተተ። የምርቃቷ ኬክ የመጣበትን ፎይል አጥቦ፣ አጥፎ፣ ከራውተሩ ኋላ አቆመና «ይሄ ሞገዱን ወደ አንቺ ይመልሰዋል» አላት። ከሥራ ሲመለስ ፎይሉን ትንሽ ወደ ክፍሏ ያዞርና «አሁንስ?» ይላል። «ትንሽ ይሻላል» ትለዋለች፣ እንዳይከፋው። በመጨረሻ ላፕቶፑን በጃኬቱ ጠቅልሎ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ድረስ ወሰደው። በማግስቱ አቧራ ለብሶ ተመለሰ። «የፋብሪካ ችግር ነበረበት፤ አስተካክለውታል። ካፌ ለካፌ አትንከራተቺ፣ ቃለ መጠይቁን እዚሁ ቤትሽ አድርጊ» አላት። አመነችው። አባቷን ያላመነች ማንን ልታምን ነው!

አብዱልከሪም ሥራውን ጀመረ። የራሱን ስልክ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር አገናኘው፤ በረረ። ላፕቶፑን ጎረቤት ዋቅቶላ ቤት ይዞ ሄዶ ሞከረው፤ እዚያም በረረ። ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር።

«ላፕቶፑ ጤነኛ ነው። መስመሩም ጤነኛ ነው።»

«ታዲያ?»

«እስቲ የራውተሩን ገጽ እንየው።»

ፓስወርዱ ከራውተሩ ሥር፣ ነጭ ፕላስተር ላይ፣ በአባቷ እጅ ተጽፏል። ገጹ ተከፈተ። የእናቷ ስልክ አለ፣ የእሷ ስልክ አለ፣ ቴሌቪዥኑ አለ። አብዱልከሪም ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈና እንደተቃጠለ ሰው አነሳው።

«ምንድነው?»

«ምንም… በስህተት ይሆናል።»

«አብዱልከሪም፣ ንገረኝ።»

«ያንቺ ላፕቶፕ ላይ ብቻ የፍጥነት ገደብ አለ» አለ፣ ዐይኗን ሳያይ። «እንዲህ ያለው በራሱ አይመጣም። ሰው ገብቶ ነው የሚያደርገው።»

ሌሎቹ ዕቃዎች በፋብሪካ ቁጥራቸው ነው የተመዘገቡት። ገደቡ ያለበት ግን ስም ወጥቶለታል፦ «ኢንተላ ኮ»፤ ልጄ።

አውቶቡሱ፣ ጃኬቱ፣ አቧራው፣ «አሁንስ?» ሁሉም ውሸት ነበር። የሞተ ሰው አይሰደብም፤ ኤቢሴ ግን በሆዷ ሰደበችው፣ የምታውቀውን ስድብ ሁሉ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም። ፎይሉን ነቅላ በእጇ ጨመቀችው፣ ኳስ እስኪያህል። መደርደሪያው ሥር ወረወረችው።

«ላጥፋው?» አለ አብዱልከሪም በቀስታ።

«ተወው። እኔ አጠፋዋለሁ።»

የዚያን ዕለት አመሻሽ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ዘምረው ሲጨርሱ ወንጌላዊው ተነሣ። «ኦቦ ሌንጂሳ» አለ፣ «የማንንም መንገድ ያልዘጋ ሰው ነበር። የስንቱን ደሃ ልጅ ኮምፒውተር አስተምሮ ለሰፊው ዓለም አበቃ!» ድንኳኑ በለቅሶ ተናጠ። ኤቢሴ ጥርሷን ነክሳ መሬት መሬቱን አየች። አንዲት ሴት ጀርባዋን እየዳበሰች «ጀባዱ፣ በርቺ የኔ ልጅ፣ እንዲህ ዓይነት አባት ከየት ይገኛል?» አለቻት።

«አይገኝም» አለች ኤቢሴ።

ረቡዕ ድንኳኑ ፈረሰ። እናቷ ኡርጌ ጓሮ ተቀምጣ የእድሩን ብርጭቆዎች ታጥባለች። ኤቢሴ አጠገቧ ቆመች።

«ሀርሜ፣ አባዬ ምን እንዳደረገኝ ታውቂያለሽ? ላፕቶፔን…»

የኡርጌ እጅ ውኃው ውስጥ ቆመ።

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«ቃለ መጠይቅሽ የተበላሸ ቀን እዚሁ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ አገኘሁት። ነገረኝ። ‹ነገ አጠፋዋለሁ› አለ። ነገ፣ ነገ ሲል ይኸው ሞተ።»

«ለምን ግን? ምን አደረግኩት?»

«አንቺ ምን ታደርጊዋለሽ! ኢብሳን ማን በር ከፍቶ እንደሸኘው ረሳሽው?»

አልረሳችውም። ኢብሳ ታላቅ ወንድሟ ነው። በ2006 ሚያዝያ፣ አምቦ በተኩስ በታመሰችበት ሳምንት፣ ደብተር ገዝቼ ልምጣ አለ። እናቷ እምቢ አለች። አባቷ «ይሂድ፣ አሁን እኮ ጸጥ ብሏል» ብሎ የግቢውን በር በእጁ ከፈተለት። ማታ ሬሳውን አመጡላቸው። ከዚያ ወዲህ አባቷ ለማንም በር ከፍቶ አያውቅም። እንግዳ እንኳ ሲሄድ በሩን ራሱ እንግዳው ከፍቶ ይወጣል፤ ሰው ኩራት ይመስለው ነበር።

«አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር» አለች ኤቢሴ። «አሁን ትልቅ ሰው ነኝ። ይንገረኝ ነበር። አትሂጂ ይበለኝ ነበር! ተጣልተን፣ ተላቅሰን…»

«ቢነግርሽ ትቀሪያለሽ?»

ኤቢሴ የታጠበ ብርጭቆ አንሥታ ገልብጣ አስቀመጠችው።

«እኔም አጥፋው አላልኩትም» አለች ኡርጌ። «ከረገምሽ ለሁለታችንም አድርጊው፤ ለእሱ ብቻ አይሁን።» ብርጭቆውን አንሥታ እንደገና አጠበችው፤ ታጥቦ ያበቃ ብርጭቆ ነበር። «ነገ ከሰዎቹ ጋር ትነጋገሪያለሽ?»

«እነጋገራለሁ።»

«ደግ» አለች እናቷ፣ ቀና ሳትል።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ኤቢሴ የራውተሩን ገጽ ከፈተች። «ኢንተላ ኮ» የሚለው መስመር ላይ ገደቡን ሰረዘችው። ገጹ እርግጠኛ መሆኗን ጠየቃት። ተጫነችው። ከዚያ ደብዳቤውን ነካችው፤ ዐይኗን ጨፍና ሳትገልጥ ተከፈተ። ይኸው ነው። አንድ ዓመቷን የበላው ነገር ይችን ታህል ነበር። እንባዋ መጣባት፣ ግን በንዴት ነበር፣ እሷም ታውቀዋለች።

ለአራት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀር ፀጉሯን አስተካክላ ወደ ክፍሏ ልትገባ ስትል መደርደሪያው ሥር የሚያብለጨልጭ ነገር አየች። ጎንበስ ብላ አነሣችው። ኳሷን ፈታችና ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በአውራ ጣቷ ታለሰልሰው ጀመር። ጠርዙ ላይ ተቀዷል፤ መሀሉ ላይ የአባቷ እጥፋት አሁንም አለ። ምንም እንደማይፈይድ ታውቃለች። እሱም ያውቅ ነበር።

ከራውተሩ ኋላ አቆመችው። ከዚያ ትንሽ ወደ ክፍሏ አዞረችው።