ቢጫ አምፖል

የሱሉልታው ነጋዴ ከሊፋ ከጣሊያን በተረፈች አሮጌ የጭነት መኪና እህል ያመላልሳል። ሰሞኑን በጥዋት ጉም ውስጥ በሬ ከመግጨት ለጥቂት ሲተርፍ ሚስቱ መብሩካ ሐሳብ ገባት። መርካቶ ወርዳ ጉም ይሰነጥቃሉ የተባሉ ሁለት ቢጫ አምፖሎች ገዝታ መጣች።

«መካኒክ እስኪመጣ ጠብቂ እንጂ» አላት።

«የሾፌር ልጅ መሆኔን ረሳኸው?» ብላ የቀኙን መብራት መስታወት በካቻቢቴ ፈታች። የድሮውን አምፖል አውጥታ አዲሱን ገጠመች። ከሊፋ ማብሪያውን ቢጫነው አልበራም። መብሩካ ግን አልደነገጠችም፤ የዛገውን የሽቦ ጫፍ በቢላ ፋቀችና «አሁን ሞክረው» አለች።

ግቢውን የሸፈነው ጉም እንደ ቅቤ ቢጫ ሆነ፤ አጥሩም በሩም ወለል ብሎ ታየ።

ከሊፋ ከመኪናው ዘሎ ወረደ። «የግራውን እኔ ልግጠመው፤ አሳዪኝ!»

መብሩካ እየሳቀች ካቻቢቴውን አቀበለችውና አጠገቡ ቁጢጥ አለች።