በጠባብ መንገድ ፊትና ኋላ

ፀጉር አስተካካይ ሰው ከኋላ ሆኖ ማውራት ይለምዳል። ደንበኛው ፊቱን ወደ መስታወቱ አዙሮ ይቀመጣል፤ እሱ ደግሞ ከጀርባው ቆሞ መቀሱን እያንቀጫቀጨ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ኳሱ፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ ይለፈልፋል። ይሄኛው በተለይ ወሬ ሲሰልቅ የሚደርስበት አልነበረም። መልስ የነፈገችው ሚስቱ ብቻ ናት።

ቤት ሲገቡ ከመኝታ ክፍል ሆኖ ያወራላታል፤ ወጥ ቤት ያለችው እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከማሽን ጋር ስትታገል ስለምትውል መጀመሪያ ድካም ነው ብሎ አለፈው። እየቆየ ሲሄድ ግን "ሰለቸኋት" አለ ለራሱ፣ ሆድም ባሰው። የዓመት ፈቃዳቸውን አንድ ላይ አስወጥቶ የበረሃ ፓርኮችን በእግር እንይ ያለው ለዚሁ ነው። ከሰው ርቀው ነገሩ ከተስተካከለ እሰየው፤ ካልሆነ "እንለያይ ወይ?" ብሎ ሊጠይቃት ቆርጧል።

የመጀመሪያው ፓርክ ሜዳው ሁሉ አሸዋ ነበር። ጎን ለጎን ሆነው ሄዱ፤ እሱ ያወራል፣ እሷ ትመልሳለች፣ ትስቃለች። ጥያቄውን ረሳው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ፓርክ ላይ መንገዱ የገደል አፋፍ ይዞ የሚሄድ፣ ሁለት ሰው የማያሳልፍ ሆነ። የፓርኩ ጠባቂ "ፊትና ኋላ ሁኑ፤ ቀይ ቀለም የተቀቡትን ድንጋዮች እንዳትለቁ፣ ከዚያ ወዲያ አፈሩ ይናዳል" አላቸው። እሷ ምርኩዝ ይዛ ዝግ ብላ ስለምትራመድ ቀደመች። እሱም እንዳመሉ ከኋላ ሆኖ ወሬውን ጀመረ። መልስ የለም። ቀለደ፣ ዝም። ስለ ልጃቸው ጠየቃት፣ ዝም። ንዴቱና ፀሐዩ አንድ ላይ አናቱ ላይ ወጡ።

"እንለያይ ወይ?" አለ ጮክ ብሎ።

ባርኔጣዋን አስተካክላ መንገዷን ቀጠለች። ክው አለ። ሰው እንዴት ለዚህ እንኳ ዞር አይልም?

እጥፋቱ ላይ ስትደርስ ቀዩ ድንጋይ በግራ ነበር፤ እሷ ወደ ቀኝ ወጣች።

"ቁሚ!" አለ። አልቆመችም። "ኧረ ቁሚ!" ብሎ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ። በዝግታ ትራመዳለች። ሮጦ የቦርሳዋን ማንገቻ ይዞ ሲጎትታት ምርኩዟ የተተከለበት አፈር ተንዶ ወረደ።

"ምነው? ምን ሆነሃል?" አለች በድንጋጤ ዞራ።

"አልሰማሽኝም?"

የምታየው ዓይኑን ሳይሆን አፉን ነበር። ያኔ ገባው።

ድንጋይ ጥላ ስር ተቀመጡ። "ማሽኖቹ ናቸው" አለችው። "መጀመሪያ ግራው ጆሮዬ ሄደ፣ ቀጥሎ ቀኙ። ፊትህን ካየሁ ከከንፈርህ እለየዋለሁ።"

"ታዲያ ምነው ደበቅሽኝ?"

"አልሰማህም ብልህ ማውራት ታቆማለህ ብዬ ፈራሁ። አንተ ዝም ያልክበትን ቤት ደግሞ አልችለውም።"

አቀርቅሮ አሸዋውን በጣቱ ጫረ።

"ቅድም ከኋላዬ ምን ስትለኝ ነበር?"

"ስለ ኳስ ነው" አለ ቀና ብሎ።

"ለኳስ እንዲህ ይለቀሳል?"

የቀረው መንገድም ጠባብ ነው። ፊቱን የሚላጭባትን፣ ፀጉር ቤት ውስጥ ለደንበኛ ማጅራቱን የሚያሳይባትን ትንሽ መስታወት ከቦርሳው አወጣ። ራሱ ቀደመና፣ መንገዱ ደልደል ባለ ቁጥር እየቆመ መስታወቷን በትከሻው ላይ ከፍ ያደርጋት ጀመር።

"ዝቅ አድርጋት" አለችው። "ግንባርህ ብቻ ነው የሚታየኝ።"

ዝቅ አደረጋት። ዕድሜውን ሙሉ ከመስታወት ጋር የኖረ ሰው፣ እሷ አፉን ካየች እሱም ዓይኗን እንደሚያይ አላሰበውም ነበር። አቧራ የለበሱት ዓይኖቿ ሳይርገበገቡ ከንፈሩን ይጠብቃሉ። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ እንዲህ ስትጠብቀው ኖራለች። ያ ሁሉ ወሬ ከየት እንደሚጀመር ጠፋው።

"ምነው ዝም አልክ?" አለችው ከኋላው። "እያየሁህ ነው እኮ።"