የእማማ ጋፊጻ ኖራ

ፋሲካ ሲቃረብ ቤቷን ኖራ ያልቀባች ሴት በዚያ መንደር ስሟ በበጎ አይነሳም። እማማ ጋፊጻ ደግሞ የሚቀቡት ሁለት ቤት ነበር፤ አንዱ የራሳቸው፣ ሌላው ኮረብታው ላይ ያለው አሮጌ ቤተ መንግሥት። ጌቶቹ ጥለውት ከሄዱ በኋላ የተማሪዎች ማደሪያ ሆኖ ሳለ፣ በኮረዳነታቸው ለጽዳት ተቀጥረውበት ነበር። ማደሪያው ተዘጋ፣ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ፤ ቁልፉ ግን እሳቸው ዘንድ ቀረ። የሚከፍላቸው ባይኖርም፣ በየዓመቱ ጾሙ ሊፈታ ሲል ባልዲና ቡርሻቸውን ይዘው ኮረብታውን ይወጣሉ።

«ለፋሲካ ሳይነጣ የቀረ ቤት ወላጅ እንደሌለው ልጅ ነው፤ ሲያዩት ሆድ ያባባል» ይሉ ነበር።

በዚህ ዓመት ግን ቤተ መንግሥቱን የሚጠግኑ ባለሙያዎች ከዋና ከተማው ከኪሺናው መጡ። አለቃቸው ስማራንዳ የምትባል ቀልጣፋ ሴት ናት። የአዳራሹን ግድግዳ በስል ቢላዋ ጫር ብታደርገው፣ የኖራው ውፍረት ጣት አከለ።

«ኧረ የምን ደንቆሮ ነው ይህን ሁሉ የለጠፈበት! ስሩ እኮ ሥዕል አለ!»

«ደንቆሮዋ እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉ እማማ ጋፊጻ፣ ቁልፉን እንደያዙ ከኋላዋ።

ስማራንዳ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «ይቅርታ እማማ፣ እኔ እኮ...»

«ተይው። ሥዕል አልሽ?»

ያን ቀን እማማ ጋፊጻ እህል አልቀመሱም። በተቀጠሩበት ዓመት፣ ከምድጃው ጥላሸት ስር ቅጠል መሳይ ነገር ግድግዳው ላይ አይተው ነበር። እድፍ ነው ብለው ቀቡበት። እንግዲህ ዕድሜ ልካቸውን ሲንከባከቡት የኖሩትን ቤት በገዛ እጃቸው ሲገድሉት ኖረዋል ማለት ነው?

በማግስቱ ጎመን የተሞላ የጾም ቂጣ በጨርቅ ጠቅልለው መጡ።

«ብዪ ልጄ። ግን እውነቱን ንገሪኝ። አጠፋሁት?»

«አላውቅም፣ እማማ። ኖራው ሲነሳ ነው የሚታየው።»

«እንግዲያው ቁጭ ብዬ አያለሁ።»

እንዳሉትም በየቀኑ እየመጡ ተቀመጡ። ስማራንዳ ኖራውን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ንጣፍ በንጣፍ ታነሳለች። አንዱ ንጣፍ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነበር።

«እሱ ልጄ ዶምኒካ የተወለደች ዓመት ነው። ደስ ቢለኝ ልብስ የማነጣበትን ሰማያዊ ዱቄት ጨመርኩበት።»

«ይሄ ግራጫውስ?»

«እሱማ ባሌ የሞተ ዓመት። አመድ ገብቶበት ይሆናል፤ ማን አይቶት፣ ዓይኔ የት ነበርና።»

ስማራንዳ ቢላዋዋን አስቀምጣ ግራጫውን ንጣፍ በጣቷ ዳሰሰችው።

ሥዕሉ በሆሳዕና ዋዜማ ብቅ አለ። የወይን ሐረግ፣ ሮማን፣ ዘለላው ላይ ያረፉ ወፎች፤ ቀለማቸው ትናንት የተቀባ ይመስላል።

«ይዩት እማማ! ከዚህ በላይ ያለውን ዝናቡ በልቶታል፤ ምንም የለም። ከዚህ በታች ያለው ግን አለ። ኖራዎ ነው እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖ ያዳነው።»

እማማ ጋፊጻ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ሥዕሉ የሚያበቃው፣ መሰላላቸው ላይ ቆመው እጃቸው ከሚደርስበት ቦታ ላይ ነበር። ከዚያ ጀምሮ እስከ ጣሪያው ድረስ የተላጠ ግድግዳ ብቻ።

«ወይ ነዶ! ምነው ረዘም ያለ መሰላል በነበረኝ!» አሉና ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣባቸው።

ስማራንዳ በሩ አጠገብ መዳፍ የምታህል ቦታ ከነኖራዋ ተወች። የእነሱ ሥራ ደንብ እንዲህ ነው፤ የነበረው እንዲታወቅ ምስክር ይቀራል። እማማ አልወደዱትም።

«ይህቺንስ ምነው ሳትጨርሻት? ጋፊጻ ሰነፈች ሊሉኝ ነው።»

«እሷ የእርስዎ ናት፣ እማማ። ዓመታትዎ ናቸው፤ ማንም አይነካቸውም።»

የፋሲካ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እማማ ጋፊጻ ባልዲያቸውን አንጠልጥለው ከች አሉ።

«የእኔ ናት አላልሽም? ታዲያ ለፋሲካ እንደቆሸሸች ትደር?»

ስማራንዳ ደንቡን ልታስረዳቸው አፏን ከፈተች። ከዚያ መልሳ ገጠመችው፤ ወደ መስኮቱም ዞረች።

«እኔ ውጭ ውጭውን እያየሁ ነው» አለች። «ቶሎ ይበሉ።»

እማማ ጋፊጻ ቡርሹን ነከሩ፤ ጠብታውን በባልዲው አፍ ላይ አራገፉ። የወይን ሐረጉን እንዳይነኩት አንዱን እጃቸውን በሌላው ደግፈው፣ ያችን መዳፍ የምታህል ቦታ ቀስ ብለው ቀቧት።