አርባ አንድ ኪሎ

ሞተር ሳይክሉ የሚችለው መቶ ሰባ ኪሎ ነው። ይህን የሚለው ከመቀመጫው ሥር የተለጠፈው ቆርቆሮ ነው፤ እኔም አምነዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ ቆሜ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰው ይዋሻል፣ ጆንያ ግን አይዋሽም። የሠፈሩ ሰው «ሚዛኑ» ብሎ ነው የሚጠራኝ፤ እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያስታውሰው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሞተሩን ግቢው መሀል በመቆሚያው አቆምኩት። ከመጋዘኑ የተዋስኩትን የወለል ሚዛን አጠገቡ አስቀመጥኩ። ነገ ጎህ ሲቀድ እኔና ባለቤቴ ድንኳን ይዘን ለአሥራ ሁለት ቀን እንወጣለን፤ ወደ ሐይቁ፣ ከሐይቁም አልፈን እስከ ተራራው። ጉዞውን ያቀድንበት ወረቀት ላይ እንዲህ ይላል። ለእኔ ጉልበት ግን ከመኝታ ቤት እስከ ግቢ መውጣቱም ሩቅ አገር ሆኖብኛል።

ባለቤቴ ሸራ ሰፊ ናት። ለጭነት መኪና፣ ለሱቅ በር፣ ለድንኳን የሚሆን ሸራ ስትሰፋ ኖራ የጣቶቿ ጫፍ እንደኔ ተረከዝ ደርቋል። የሞተሩን ሁለት የጎን ቦርሳዎች ከመኪና ሸራ ትርፍራፊ የሰፋቻቸው እሷ ናት። ድንኳኑንም የሰፋችው እሷ ናት፣ በተጋባን ዓመት። ያኔ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ቤት የሚይዘን አልነበረም፤ ዳቦና የቆርቆሮ ሣርዲን ይዘን ያገኘነው ወንዝ ዳር እናድር ነበር።

«መጀመሪያ ሰው ይመዘን» አልኳት።

«ማንን ነው የምትመዝነው?»

«እኔንና አንቺን።»

«ጭራሽ ጆንያ አደረግኸኝ?»

«ጆንያ ብትሆኚ መች ትከራከሪኝ ነበር።»

ቁጥሩን ላለማየት ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ ሚዛኑ ላይ ወጣች። ሃምሳ ስምንት። እኔ ሰባ አንድ። የዛሬ ስድስት ዓመት እሷ ስልሳ ዘጠኝ ነበረች፤ ይህን ግን አልተናገርኩም። ለዕቃ የሚተርፈንን ቀንሼ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጻፍኩት፤ አርባ አንድ ኪሎ።

«አርባ አንድ» አለች እያየችው። «የስድስት ዓመት ድካም በአርባ አንድ ኪሎ ሊወጣ።»

አማቴ እማማ አልጋ ላይ የቆዩት ስድስት ዓመት ከሁለት ወር ነው። ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ ነበር፤ በየሦስት ሰዓቱ ካላገላበጧቸው ገላቸው ይቆስላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። እኛ ሁለት ነበርን፤ ለሁለት ሰው ያው ሸክም ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ተካፈልነው። መጀመሪያ እሷ ትተኛለች፣ እኔ እማማ አልጋ አጠገብ ባለችው ተጣጣፊ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ሌሊቱ ሲጋመስ ትከሻዋን እነካታለሁ፤ ተነስታ ወንበሯን ትረከበኛለች፣ እኔም ወዲያኛው ክፍል ሄጄ እሷ ያሞቀችው ፍራሽ ላይ እወድቃለሁ። እማማ ከአራት ወር በፊት አረፉ። እኛ ግን አላረፍንም። ዛሬም በተራ ነው የምንተኛው፤ ባዶ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብለን። ለሰው ሲነግሩት ያሳፍራል። ሰውነት አንዴ ከለመደ ምክር አይሰማም።

የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ጠዋት ሻይ ስንጠጣ፣ ባለቤቴ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና «እኔና አንተ እኮ ባልና ሚስት አይደለንም፤ ተረኛና ተረካቢ ነን» አለችኝ። ሳትቆጣ ነው ያለችው። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እና ምን ይሁን?» አልኳት።

«ወይ እንደ ድሯችን እንውጣ፣ ወይ እኔ እህቴ ጋ ልሂድ። ተጣልቼህ አይደለም። ደክሞኝ ነው።»

«ለስንት ቀን?»

«እሱን አላውቅም።»

እህቷ ያለችው በአውቶቡስ የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ ላይ ነው። በዚያው ዕለት የፈቃድ ቅጽ ሞላሁ። እሷም በዚያው ዕለት ሰማያዊ ሻንጣዋን አሰናዳችና፣ ጥቅል የስፖንጅ ፍራሽ ከላዩ አስራ፣ ከበሩ ጀርባ አቆመችው። የእህቷ ልጆች ብዙ ናቸው፤ እዚያ ቤት መኝታውን ይዞ ያልሄደ ወለል ላይ ነው የሚያድር። «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ብላት፣ «ሞተርህ ካልተነሳ አውቶቡሱ ይነሳል» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩን በከፈትኩ ቁጥር ያ ሻንጣ ጉልበቴን ይመታኛል።

እውነቱን ለመናገር መቅረቱን ብቻ አይደለም የፈራሁት፣ መሄዱንም ፈርቼዋለሁ። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ሁለታችን ብቻችንን ምን ልናወራ ነው? ስድስት ዓመት ያወራነው «ውሃ ጠጡ?»፣ «ስንት ሰዓት ላይ አገላበጥካቸው?»፣ «ነጩ ክኒን አልቋል» ነው። እማማ ሲሄዱ ወሬያችንንም ይዘውት ሄዱ። ለዚህ ነው መሰለኝ ያን ቅዳሜ እጄ አልፈጠን ያለኝ። ያሰርኩትን እፈታለሁ፣ የፈታሁትን አስራለሁ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል እንደሚባለው ሥራውን የማጓትተው እኔ፣ «ኧረ መሸብን» እያልኩ የማማርረውም እኔ።

ጭነት ሕግ አለው። ከባዱ ከታችና ወደ መሀል፣ ቀላሉ ከላይ፣ ቶሎ የሚፈለገው ከሁሉም በላይ። ዝርዝሩን እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ አራት ጊዜ አርሜዋለሁ። እሷም ከጆሮዋ ጀርባ በሰካቻት እርሳስ እያንዳንዷ መስመር ላይ ምልክት አድርጋበታለች። በመጀመሪያው ሚዛን አርባ ሰባት ኪሎ መጣ።

«ስድስት ኪሎ እንቀንስ» አልኩ።

«ካንተ ቁልፎች እንጀምር። ሞተሩን ልትነዳው ነው ወይስ ልትፈታው?»

«መንገድ ላይ ቢቆምስ?»

«ቢቆም ትገፋዋለህ። ለእሱም ነው ሰባ አንድ ኪሎ የያዝከው።»

መዶሻውንና ትልልቆቹን ቁልፎች አወጣሁ፤ ፒንሳው፣ ካቻቪቴው፣ ካንዴላውና መንፊያው ቀሩ። እሷ ሁለተኛውን ድስት አወጣች። ሦስት ሹራብ ይዛ ስለነበር «ስንት አንገት ነው ያለሽ?» አልኳት፤ ሁለቱን መለሰች። ሩዙን ከሩብ በላይ ቀነስን። ሁለት የውሃ ጄሪካን፣ መጠባበቂያ ቤንዚን፣ ድንኳን፣ ምድጃ፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ፣ ተጣጣፊዋ ወንበር። ወንበሯ ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ትመዝናለች፤ እግሯ ብረት፣ መቀመጫዋ ባለቤቴ የሰፋችው ድርብ ሸራ። እሷን እንቀንስ ያለ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ቶሎ የምትፈለግ ስለሆነች ከሁሉም በላይ በላስቲክ ገመድ አሰርኳት።

አርባ አንድ ኪሎ ሞላ። ግራም አልጎደለም፣ ግራም አልተረፈም። በሃያ ሁለት ዓመቴ እንደዚህ ገጥሞልኝ አያውቅም። ጥጋቡ ይሁን ድካሙ፣ እስቲ ልሞክረው ብዬ ሞተሩን ከመቆሚያው ገፋ አደረግኩት። ለካ ሁለቱንም ጄሪካን በግራ በኩል ነው ያሰርኩት። ሞተሩ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሰካራም፣ ወደ ባለቤቴ ዘመም አለ። በሁለት እጇ ያዘችው። እኔም በዚህ በኩል መሪውን ያዝኩ። ማንሳት አልቻልንም፤ መልቀቅም አልቻልንም።

«አንሳው እንጂ» አለችኝ።

«አንቺ ግፊው።»

«እየገፋሁ ነው።»

«እኔም እያነሳሁ ነው።»

ጉልበት እንደሌለን ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባኝ። ሁለት የደከሙ ሰዎች ግራና ቀኝ ሆነው አንድ ሞተር ላይ ተደግፈው ቆመዋል፤ ማን ማንን እንደያዘ አይታወቅም። በአጥሩ ሥንጥቅ ያየን ጎረቤታችን የሞተር ጠጋኙ እየሮጠ ገባ። እጁም ልብሱም ሁልጊዜ ግራሶ ስለሆነ ሠፈሩ «ግራሶ» ይለዋል። በአንድ ትከሻው ደግፎ ሞተሩን ቀጥ አደረገውና መቆሚያው ላይ መለሰው።

«ምነው ሚዛኑ፣ ለራስህ ሲሆን ሚዛኑ ጠፋብህ?» አለኝ።

«ደክሞኝ ነው።»

«ይታያል። ውሃውን ለግራና ቀኝ አካፍለው።» እያወራ ራሱ ፈታና አካፈለው። ከዚያ እንደ ልማዱ ጭነቱን እየዞረ ነካካው፤ ገመዱን ሳበ፣ ጎማውን ተጫነ፣ ፍራሹ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ፍራሻችሁ ይቺ ናት?»

«አዎ» አለች ባለቤቴ።

«አንድ ናት?»

«ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነች። ሁለት ሰው ናችሁ ብዬ ነው። ይቺ ደግሞ ለአንድ ሰውም ጠባብ ናት። እንዴት ነው የምትተኙት?»

«በተራ» አልን፤ ሁለታችንም፣ በአንድ ድምፅ።

ግራሶ ቀልድ መስሎት ሳቅ አለ። ከዚያ ፊታችንን አየና ተወው። ዓይኑ ወደ ወንበሯ ሄደ። በስድስት ዓመት ውስጥ እማማን ሊጠይቅ ስንት ጊዜ ገብቶ ያቺ ወንበር ላይ አንዳችን ተቀምጠን አግኝቶናል። እጁን ሱሪው ላይ ጠራረገና «ምድጃ ላይ ውሃ ጥጄ ነው የመጣሁት» ብሎ ወጣ። እሳት እንዳልለኮሰ አውቃለሁ፤ ጨዋ ሰው ነው።

እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁጥር አየሁ፣ እሷ የዝርዝሩን ወረቀት አየች። አንድ ፍራሽ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ትራስ፣ አንድ ወንበር። ከእያንዳንዱ ፊት የእኔ ጽሑፍ፣ ከእያንዳንዱ ኋላ የእሷ ምልክት። እኔ ግራም የምቆጥር፣ እሷ ሸራ በጣት የምትለካ፣ ሁለታችንም ደጋግመን አይተነው ምንም የጎደለ አልመሰለንም። አፈርኩ። ከዚያ ኀዘን ያዘኝ፤ እማማ የሞቱ ቀን እንኳ እንደዚያ አልያዘኝም፣ ያን ቀን ሥራ ነበረብኝ።

ባለቤቴ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«እዚያ ጫካ ውስጥ ማንን ልንጠብቅ ነበር?» አለችኝ።

«ድንኳኑን» አልኳት።

ሳቀች። ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው የሳቀችው፤ ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ፣ ለቅሶውም ቶሎ ደከመውና ቆመ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። መናገር ያለብኝን አሁን ካልተናገርኩት መቼም እንደማልናገረው ታወቀኝ።

«ፈርቼ ነው» አልኳት። «አሥራ ሁለት ቀን ምን እንደማወራሽ አላውቅም።»

«እኔስ አውቄ ነው? የሚወራ ከጠፋ ዝም እንላለን።»

«ዝምታው አይበዛም?»

«እስካሁንም ዝም ብለናል፤ ግን በተራ ነው። አሁን ደግሞ እስቲ አብረን ዝም እንበል።»

ፀሐይዋ ከግድግዳው ላይ ወርዳ ጠመኔው ደበዘዘ። ከዚያ እጇን ጉልበቴ ላይ ተመርኩዛ ተነሳች፤ ሄዳ የላስቲክ ገመዱን ፈታችና ወንበሯን አወረደች። አጥፋ ግድግዳው ላይ አስደገፈቻት። ወደ ቤት ገባች። ስትመለስ ሰማያዊውን ሻንጣ እየጎተተች ነበር። አውቶቡስ የመረጠች መሰለኝ። ሚዛኑ አጠገብ አስቀመጠችው፣ ከላዩ ጥቅል ስፖንጁን ፈታች፣ ዚፑን ከፈተች፣ ብርድ ልብሷንና ትራሷን አወጣች፣ ሦስቱንም ሚዛኑ ላይ ደረደረቻቸው።

«ስንት ይላል?» አለችኝ።

ዝቅ ብዬ አየሁ። ዓይኔ ቶሎ አልጠራልኝም። «ሦስት ኪሎ።»

«ወንበሯስ ስንት ነበረች?»

«ሦስት ከአራት መቶ።»

«አራት መቶ ግራም ተረፈን ማለት ነው። ምን እንጨምርበት? ያቺን አንዷን ሹራብ?»

«ይቅር» አልኳት። «ቀለል ይበለን።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ግራሶ በሩን ከፈተልን። ሞተሩ በሁለተኛው ምት ተነሳ። አልዋሽም፤ ወገቤ እንደ ትናንቱ ነው፣ ጉልበቴም እንደ ትናንቱ ነው፣ አንድ ሌሊት ስድስት ዓመት አይመልስም። ወንበሯ ግድግዳው ላይ እንደተደገፈች ነው፤ ሰማያዊው ሻንጣ አፉን ከፍቶ ሚዛኑ አጠገብ ተቀምጧል። ባለቤቴ ከኋላዬ ወጣች፤ ፍራሾቹ ወደ እኔ ስለገፏት ያለ ክፍተት ተጣብቃ ተቀመጠችና ወገቤን ያዘች። ግቢውን ወጥተን አስፋልቱ ልንደርስ ስንል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«አሁንም ታንኮራፋለህ?»

«ተኝቼ በምን አውቄው?»

«እሺ» አለችኝ፤ «ዛሬ እሰማዋለሁ።»