ግማሽ ምስክርነት

ያን ክረምት በየማለዳው ጠጥቼ ነበር የምነቃው። በሕልሜ ማለቴ ነው። ሻንቶ ከተማ ካለው አረቄ ቤት፣ ከበሩ ቀጥሎ ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ። ውጭው ጉም ነው። መለኪያዋ ከንፈሬ ላይ ትደርሳለች፤ አረቄው ጉሮሮዬን እየለበለበ ይወርዳል። ስነቃ ጣዕሙ ምላሴ ላይ አለ። መዳፌን አፌ ላይ ደፍቼ ትንፋሼን አሸታለሁ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ጠብታ ያልቀመሰ ሰው፣ ልቡ እንደ ሌባ እየደለቀ የራሱን ትንፋሽ ያሸታል!

"አረጋሽ፣ ጠጥቻለሁ እንዴ?" እላለሁ።

ባለቤቴ አረጋሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች፣ "አልጠጣህም፤ ተነስ" ትለኛለች።

እነሳለሁ። እሷ እንዲህ ካላለችኝ ግን አልነሳም፤ የትኛው ዓለም ውስጥ እንዳለሁ የምትነግረኝ እሷ ነበረች።

ስሜ ኤርሳዶ ነው። ማስታወቂያ ጸሐፊ ነኝ፤ በብሩሽ። የሱቁን፣ የፀጉር ቤቱን፣ የጋራዡን ሰሌዳ እጽፋለሁ። የቀበሌውን "አንድ ለአምስት" የሚል መፈክር በግድግዳ ላይ የጻፍኩትም እኔ ነኝ፤ ፊደሉ ቆንጆ ነው፣ ስለ ሌላው አልጠየቅም። የባነር ማተሚያ ሶዶ ከገባ ወዲህ ሥራው ቀዝቅዟል። የቀሩኝ፣ "ባነር ነፋስ ይቀደዋል" የሚሉ የሻንቶና የአረካ ነጋዴዎች ናቸው። ዕድሜ ይስጣቸው።

ጉበቴ ውስጥ ቫይረስ እንዳለ የሰማሁት በ2009 መስከረም ላይ ነው። ለጎረቤት ወላድ ደም ልንሰጥ ከባዳቾ ጋር ሄድን። ባዳቾ የሰሌዳዬን ብረት የሚበይድልኝ የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ የአረቄም ባልንጀራዬ ነበር። የሁለታችንንም ደም መለሱት። ሄፓታይተስ ሲ ነው ተባልን። ዶክተር ማክዳ የምትባል ሐኪም ከየት ሊይዘን እንደቻለ ስትጠይቀን እኔና ባዳቾ ተያየን። ልጅ ሳለን መንደር ለመንደር እየዞረ ለወባውም ለሳሉም በአንዲት መርፌ የሚወጋ ሰውዬ ነበር። ከእሱ ይሁን ከሌላ፣ ማን ያውቃል?

"መድኃኒት እስኪመጣ መጠጥ ተዉና ጉበታችሁ ይረፍ" አለችን። "ደግሞ የጠጣ ሰው እንዳይዋሸኝ። የጠጣ አይምጣ አላልኩም፤ የጠጣ አይዋሸኝ ነው ያልኩት።"

እኔ ጥቅምት ላይ ተውኩ። ባዳቾ "ከሰኞ ጀምሮ" አለ። የትኛው ሰኞ እንደሆነ ግን አልተናገረም።

የካቲት ላይ ዶክተር ማክዳ ወረቀቴን አየችና፣ "የጉበትህ መለኪያ ወርዷል፤ በጣም ጥሩ ነው" አለችኝ። ቀጥላ "ግን..." ስትል እኔ በሩ ጋ ደርሻለሁ። መንገዱን በእግሬ የሄድኩት አይመስለኝም። ዳሞታ ተራራ ራሱ ቀለል ብሎ ከጉሙ በላይ የሚንሳፈፍ መስሎኝ ነበር።

እኛ ጸሎት ቤት ምስክርነት ያለው ሰው እሁድ እጁን ያወጣል፤ ማይክ ይሰጠዋል። እጄን አወጣሁ። "ጌታ ከመጠጥ ፈታኝ፤ ጉበቴንም ፈወሰ!" አልኩ። ጉባኤው በእልልታ ተናጋ። ኳየር ውስጥ የቆመችው አረጋሽ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ለአሥራ አንድ ዓመት ከየቦዩ ስታነሳኝ የኖረች ሴት ናት፤ ብታለቅስ ይገባታል።

ከሳምንት በኋላ ዶክተር ማክዳ አስጠርታ ያቋረጥኩባትን "ግን" ጨረሰችው። ያረፈው ጉበቴ ነው፤ ቫይረሱ የትም አልሄደም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የኔ አፍ አምልጦ፣ ማይክ ይዞ፣ ሦስት መቶ ሰው ሰምቶታል። ዝም አልኩ። አምስት ወር ዝም አልኩ።

ሐምሌ ላይ መድኃኒቱ መጣ። በቀን አንድ ፍሬ፣ ለሦስት ወር። የደረሰው ለጥቂት ሰው ነው። ዶክተር ማክዳ፣ "እስከ ሰኞ ወስን፤ ካልፈለግህ ቦታህን ለሌላ እሰጣለሁ" አለችኝ።

ይህ ደግሞ ምን ውሳኔ ያስፈልገዋል ትሉ ይሆናል። ሌላ ሰው ቢሆን እኔም "ጅል!" ብዬ እሰድበው ነበር። ግን ምስክርነቴ አንድ ነበር፤ መጠጡም ጉበቱም በአንድ ትንፋሽ ነው የወጡት። የጉበቱ ውሸት ከሆነ የመጠጡስ? ከየካቲት ወዲህ የያዘኝ ያ እልልታ ነው። በአረቄ ቤት ደጅ ሳልፍ ጆሮዬ ላይ ይመጣል፣ እግሬም መንገዱን ይቀጥላል። መድኃኒቱን ስጀምር ሰው መስማቱ አይቀርም፤ ሶዶ ውስጥ ምን ይደበቃል? ያን ጊዜ እልልታው ይቀራል፤ እሱ ከቀረ ደግሞ እጠጣለሁ። ከጠጣሁ መድኃኒቱስ ምን ሊያደርግልኝ ነው? ጉበቴን ላድን ብል ወደ አረቄው ልመለስ ነው፤ ከአረቄው ልሽሽ ብል ጉበቴ ሊያልቅ ነው። ሰኞ እየቀረበ መጣ።

ሐሙስ ሻንቶ ነበርኩ። የአንድ እህል ነጋዴ ደጅ መሰላል ላይ ቆሜ ሰማያዊ ፊደል እጽፋለሁ። የሐምሌ ጉም መንገዱን ውጦታል። የባጃጅ ድምፅ ይመጣል እንጂ ባጃጁ አይታይም። ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ እግር ይወጣል፣ ቀጥሎ ጃንጥላ፣ ቀጥሎ "ሳሮ፣ ኤርሳዶ!" የሚል የሰላምታ ድምፅ፤ ከዚያ ደግሞ ሁሉም ይጠፋል። ቀለም የማቀጥንበት የቲነር ሽታ የአረቄ የአክስት ልጅ ነው፤ አናቴ ላይ ወጥቷል። የጻፍኩት "እ" ከላሜራው ላይ በቀስታ ተነቅሎ መንገዱን የሚሻገር መሰለኝ። በዓይኔ ተከተልኩት። ማዶ አረቄ ቤቱ አለ።

ባዳቾ የብረቱን ፍሬም ትከሻው ላይ ተሸክሞ ከጉሙ ወጣ። ዓይኑ ቢጫ ነበር። ጭጋጉ ያመጣው ነው ብዬ ራሴን ላሞኝ ሞከርኩ።

"መድኃኒቱ መጥቷል፤ ሰምተሃል?" አልኩት ከላይ ሆኜ።

"እኔ ምን ሊሠራልኝ? የክሊኒክ ካርዴን እኮ የካቲት ላይ ቀድጄዋለሁ" አለና ሳቀ።

"ለምን?"

"አንተን ሰምቼ ነዋ! ያን እሁድ ከኋላ፣ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ለኤርሳዶ የሆነ ለእኔም ይሆናል አልኩ። የወጋን መርፌ አንድ፣ የሚፈውሰንም ጌታ አንድ። ቀኔን እየጠበቅሁ ነው።"

"እስከዚያስ?"

"እስከዚያማ ምን አደርጋለሁ ወንድሜ፣ እጠጣለሁ። ሲፈውሰኝ አብሮ ያስተወኝ የለ? እንዳንተ።"

ፍሬሙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወደ ማዶ ተሻገረ። ጉሙ መጀመሪያ ጭንቅላቱን፣ ቀጥሎ ትከሻውን ወሰደው።

ከመሰላሉ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ጆሮዬን ጣል አደረግሁ፤ እልልታው አልመጣም። ብቻ አግዳሚዋ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ያችው፣ ከበሩ ቀጥሎ ያለችው። ውጭው ጉም ነው። የቤቱ ባለቤት ዓመለወርቅ ምንም ሳትጠይቀኝ ቀድታ ፊቴ አስቀመጠችልኝ፤ እጇ አልረሳኝም። ሁሉም ሕልሜ ነው፤ አንዲት ነገር አልጎደለችም። እንዲያውም ደስ አለኝ። ሕልም ከሆነ ምን ቸገረኝ? ይነጋል፣ አረጋሽ "አልጠጣህም፤ ተነስ" ትለኛለች። መለኪያዋን አነሳሁ። ሽታዋ አፍንጫዬን ሞላው።

ያን ጊዜ ጣቴን አየሁ። ያልደረቀ ሰማያዊ ቀለም አለበት፤ መለኪያዋ ላይም ታትሟል። በሕልሜ አንድ ቀን እንኳ እጄን ቀለም ነክቶት አያውቅም። ሥራ ላይ ነኝ። ሐሙስ ነው። ነቅቻለሁ። ይህን ከጠጣሁ "አልጠጣህም" የሚለኝ በዓለም ላይ አንድም ሰው የለም።

እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። መለኪያዋን አስቀመጥኩ። ከወዲያ ማዶ የተቀመጠው ባዳቾ፣ "ምነው?" አለኝ።

"ነቃሁ" አልኩትና ወጣሁ።

ቤት ስደርስ አረጋሽ ጎደሬ እየላጠች ነበር። ጫማዬን ሳላወልቅ ነገርኳት። ቫይረሱን፣ ዶክተሯን፣ የባዳቾን ካርድ፣ መለኪያዋን።

"አምስት ወር?" አለች። "ያንን ምስክርነት ለሴቶች ኅብረት ስናገር፣ ቢጠና ድረስ ሄጄ ለዘመዶቼ ስናገር፣ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ዝም አልክ?"

"ፈራሁ።"

"ማንን? እኔን?"

"አረቄውን" አልኩ።

ቢላዋውን አስቀምጣ ወጣች። ጎደሬውን እኔ ጨርሼ ላጥኩት፤ ግማሹን ከልጣጩ ጋር ጣልኩት። አፈርኩ። ከባዳቾ ዓይን ይልቅ የእሷ ጀርባ አሳፈረኝ።

በማግስቱ ማለዳ ሕልሙ እንደ ልማዱ መጣ። ነቃሁ። ጣዕሙ ምላሴ ላይ አለ።

"አረጋሽ፣ ጠጥቻለሁ እንዴ?"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ፊቷን ከግድግዳው ሳትመልስ፣ "እኔ ምን አውቃለሁ? አንተ ንገረኝ" አለች።

ጣሪያው ወደ ላይ የሸሸ መሰለኝ። መዳፌን ወደ አፌ ላመጣ ስል ጣቴን አየሁት፤ ሰማያዊው ደርቆ ጥፍሬ ሥር ገብቷል። ትናንት ያስቀመጥኩትን መለኪያ አስታወስኩ። ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። የማንም እልልታ አልነበረም።

"አልጠጣሁም" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ሆነብኝ።

"እንዲያ ከሆነ ተነስ" አለች።

እሁድ እጄን አወጣሁ። ማይኩን የሚያዞሩት ሽማግሌ፣ አቶ ጉልላት፣ ፊታቸው በደስታ በርቶ እየተጣደፉ መጡ፤ የኔ ምስክርነት ደርዝ አለው ብለው ነው። በኋለኛው በር ጉም ይገባል፤ እዚያው ጉሙ ውስጥ ባዳቾ ቆሟል።

"የካቲት ላይ ጉበቴ ተፈወሰ ብያችሁ ነበር" አልኩ። "አልተፈወሰም። በሽታው አለ። ሐኪሟ ሳትጨርስ ሮጥኩ፤ ስትጨርስልኝ ደግሞ ዝም አልኩ። እኔን ሰምቶ ሕክምናውን የተወ ሰው ካለ ነገ ይሂድ። እኔም ነገ መድኃኒት እጀምራለሁ።"

አቶ ጉልላት ወደ ማይኩ ጎንበስ ብለው፣ "ወንድም ኤርሳዶ፣ እምነትህ ቀነሰ ማለት ነው?" አሉኝ።

"የቀነሰው ችኮላዬ ነው፣ አባቴ።"

"መጠጡስ? እሱም...?" አሉ፤ ሊጨርሱት አልቻሉም። እውነት ለመናገር አሳዘኑኝ።

"ዛሬ አልጠጣሁም" አልኩ። "የነገውን ነገ ጠይቁኝ።"

እልልታ የለም። አሁን እወድቃለሁ ብዬ ጠበቅሁ፤ እግሬ ግን ቆሟል። ከኳየሩ መካከል አንዲት ደረቅ "አሜን" መጣች። አረጋሽ ናት። ገና ተቆጥታለች፤ ከአሜኗ ይታወቃል። ዞር ስል በሩ ላይ ጉሙ ብቻ ነበር። ባዳቾ ወጥቷል። ወዴት እንደሄደ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። መቀመጫዬ ላይ ሆኜ አለቀስኩ።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ክሊኒኩ ደረስኩ። ኮሪደሩ ውስጥ፣ ከበሩ ቀጥሎ ያለችው አግዳሚ ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል። ቆም አልኩ፤ ሕልሜ ቦታ የተሳሳተ መስሎኝ። ባዳቾ ነው። ጉልበቱ ላይ ካርዱን ይዟል፤ ለአራት የተቀደደ፣ በነጭ ፕላስተር የተለጠፈ።

"ቀደድኩት እንጂ አልጣልኩትም" አለኝ። "ምን ታያለህ? ከሰኞ ጀምሮ ብዬህ አልነበር?"

አጠገቡ ተቀመጥኩ። አረቄ አረቄ ይሸታል። ሽታው ወደ እኔ መጣ፣ ትንሽ ቆየ፣ ሄደ።

"ጠጥተሃል?"

"ትናንት። ከጸሎት ቤት ወጥቼ ቀጥታ። አናደድከኝ እኮ!"

"ዛሬስ?"

የኮሪደሩን ሰዓት አየ። "ዛሬ ገና ሦስት ሰዓት ነው" አለ።

ዶክተር ማክዳ በሩን ከፈተች። "ማን ነው የቀደመው?"

"እሱ" አልኩ።

ባዳቾ ተነሳ፤ ክንዴንም ያዘ። "ምን ልበላት?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ይህንኑ" አልኩት። "ገና ሦስት ሰዓት ነው በላት።"