የኪሱ ልክ

ልብስ ሰፊው ምን እንደሚገባበት ሳይጠይቅ ኪስ አይቆርጥም። ታናሽ ወንድሙ ስምንት ኪስ ያለው ሰደርያ ሲያዘውም እንደ ልማዱ ጠየቀው።

«ዝም ብለህ ስፋው፣ ጋሼ። ከባድ ነገር ነው። ሰደርያው አንድ ቀን ከቻለው ይበቃል።»

የሰፊው እጅ መቀሱ ላይ ቀረ። ሰፈሩ የሚፈራው አንድ ሰካራም ጎረቤታቸውን ነበር፤ ወንድሙ በትምህርቱ የተመሰገነ፣ ዝንብ እንኳ እሽ የማይል ነው። ሰሞኑን ግን የማይወዳቸውን ሰዎች «ትሎች» ማለት ጀምሯል።

«ፈንጂ ነው?»

ወንድሙ መሬት መሬት አየ።

ሰፊው በሩን ቆልፎ ስልኩን አነሳ።

«ማን ጋ ልትደውል ነው?»

«ፖሊስ ጋ።»

«እስክሞት እጠላሃለሁ።»

«ጥላኝ። ብቻ ሸምግለህ ሙት።»