የሙሉነሽ ማንኪያ

«ይህን ከየት አመጣሽው?» አሉ እትዬ ጽጌማርያም፣ ስኳሩ ውስጥ የተሰካችውን ትንሽ የብር ማንኪያ ሳይነኩ በአገጫቸው እያመለከቱ።

«ከእማዬ መሳቢያ።»

«ታውቂ ነበር ማለት ነው?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ» አለች ሜላት። ዕቃው የት እንደሚቀመጥ የጠየቋት መስሏት ነበር።

እትዬ ጽጌማርያም ደረታቸውን ደቁ። «ከልጅነቷ ጀምራ! የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ተሰርቆ!»

የሜላት እናት ሙሉነሽ የተቀበረችው ትናንት ነው። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ወሬው ድንኳኑን ዞረ። ማንኪያዋ ብር ናት፤ እጀታዋ ላይ ሦስት ዘውድ አለ፤ እንግዲህ በቁርባን ጊዜ ደሙን የሚያቀብሉባት እርፈ መስቀል ናት። ሙሉነሽ ደግሞ ከደጀ ሰላም አትጠፋም ነበር። ትናንት «እንዳንቺ ያለ ደግ» እያሉ ያለቀሱላት ሁሉ፣ ዛሬ ንፍሮውን እየቆረጠሙ ስሟንም አብረው ቆረጠሙት።

የእትዬ ባል፣ የሙሉነሽ ወንድም ጋሼ ገብረአምላክ፣ ፒያሳ ወርቅ ቤት አላቸው። ስለዚህ ፍርዱ የእሳቸው ሆነ።

«ብር እኔን አያታልለኝም» አሉ። «የታቦት ቤት ዕቃ ነው። ለእህቴ ነፍስ ስል ራሴ አስረክባለሁ።»

እጄ እንዳይነካት ብለው በነጠላቸው ጫፍ ጠቀለሏት። ሆኖም ልማድ ነውና ከፍ ዝቅ አድርገው መዘኗት። ሜላት አየቻቸው።

አላፊ አግዳሚውን ሰላም ለማለት እንኳ የሚጨንቃት ልጅ ናት። የእናቷን ጣቶች አሰበች። ሙሉነሽ በወጣትነቷ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ አንዲት የስዊድን ማዳም ቤት ትሠራ ነበር፤ ማዳሟ አገሯ ስትገባ ይህችን ሰጥታት ሄደች። ሙሉነሽ መስኮት ሥር ተቀምጣ እየወለወለቻት ለሜላት ታሳያት ነበር።

«ዘውዶቹ፣ መንግሥታቸው ብሩን መርምሮ አሳልፎታል ማለት ነው። ይቺ የሰው ጭንቅላት የተሠራችበት ከተማ ምልክት ናት። ፊደሏና ቁጥሯ ዓመቷን ይናገራሉ፤ እነዚህ ደግሞ የሠሪው ስም ናቸው። እነሱ በአገራቸው እንጆሪ ላይ ስኳር ይነሰንሱባታል።»

በኋላ የስኳር በሽታ ሲይዛት ሻይዋ ላይ ታራግፋት ጀመር። «ይሄ እኮ ስኳር አይባልም፤ አቧራ ነው» እያለች ትስቅ ነበር።

የሙሉነሽ የንስሐ አባት ሲገቡ ጋሼ ብድግ ብለው ነጠላውን ፈቱ። «አባ፣ ለእህቴ ይቅርታ ይለምኑላት።»

ሜላት ተነሣች። «አባ፣ እርፈ መስቀል ቀዳዳ ነው?»

«ምን ነካሽ ልጄ? አንዲት ጠብታ መሬት እንዳትነካ የምንጠነቀቅበት!»

ማንኪያዋን ከጋሼ እጅ ወሰደች። ስኳር ዛቀችና ብርጭቋቸው ላይ አራገፈቻት። ወንፊት በመሰለው የማንኪያዋ ሆድ ቀዳዳዎች ስኳሩ እንደ ካፊያ ወረደ። ሠላሳ ዓመት ብር የሸጡት ሰውዬ ዘውዱን አይተው ቀዳዳውን አላዩም።

«የስኳር ማንኪያ ናት። እማዬ የሠራችላት ማዳም ናት የሰጠቻት» አለች። «ጋሼ፣ ይበቃዎታል ወይስ ልጨምር?»

አባ ሳቃቸውን ሊደብቁ በመስቀላቸው አፋቸውን ከለሉ። ጋሼ ሻዩን ፉት አሉ።

«እኔማ መቼ አምኜ!» አሉ እትዬ ጽጌማርያም፣ ወደ ንፍሮው እየተመለሱ።

ሜላት ወትሮ ሻይ የምትጠጣው ያለ ስኳር ነው። ጓዳ ገባች፤ በእናቷ ብርጭቆ ቀዳች፤ እንደ እናቷ በማንኪያዋ ሁለት ጊዜ ስኳር አራገፈችበትና ቆማ ጠጣችው።